«ላንትስኻፕ»ን «መልክዓ ምድር» ማለት ይበቃል?

ጥያቄ፦ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድስ ንድፎች የሚመለከት ጽሑፍ ስተረጉም «ላንትስኻፕ» የሚለውን የደች (የኔዘርላንድስ ቋንቋ) ቃል በሙሉ «መልክዓ ምድር» ብዬዋለሁ። ትስማማላችሁ?

መልስ፦ ለሥዕሉ ዘርፍ መጠሪያነት ትክክል ነው። ይሁንና «መልክዕ» የሚታየውን ገጽ ብቻ የሚያመለክት ሲሆን (የቅዱሳንን አካል ከራስ እስከ እግር የሚያወድሰው ድርሰት በዚሁ ስም መጠራቱን ልብ ይሏል)፣ የደቹ ቃል የሥዕል ስያሜ ከመሆኑ በፊት በአንድ ሕግ የሚተዳደርን ግዛትና ነዋሪውን ይጠራ ነበር፤ ድሬንተ የተባለው ግዛትም «ላንትስኻፕ ድሬንተ» ይባል ነበር። ግድቦችንና ቦዮችን የሚያስተዳድሩት «ዋተርስኻፕ» የተባሉ ተቋማት ስማቸው የሚያበቃው በዚሁ ቅጥያ ነው።

ልዩነቱ የሚገባን የተሳለው መሬት እንዴት እንደ ተገኘ ስናውቅ ነው። በኔዘርላንድስ የነበረው የቤምስተር ሐይቅ በአብዛኛው የአምስተርዳም ነጋዴዎች ባዋጡት ገንዘብ፣ በነፋስ ወፍጮዎች ውኃው እየተቀዳ እ.ኤ.አ. በ1612 ደርቆ፣ ቀጥ ባሉ ቦዮች ተሸንሽኖ ለባለ ገንዘቦቹ ተከፋፈለ። በዚያው ዓመት ገደማ፣ ከስፔን ጋር የነበረው ጦርነት ከ1609 እስከ 1621 ጋብ ባለበት ወቅት፣ የሕትመት ሥዕል ሠሪው ክላስ ያንስ ፊስኸር በሃርለም ከተማ አካባቢ ያሉ ቦታዎችን የሚያሳዩ ሕትመቶችን አወጣ፤ የከተማው ሰው በእግሩ ወጥቶ ሊያያቸው የሚችላቸው ቦታዎች ነበሩ። ሠዓሊውን ያን ቫን ኾየንን ብንመለከትም፣ በጥቁር ጠመኔ የሚነድፋቸው ገጾች አብዛኛው ክፍላቸው ሰማይ ነው፤ ከታች ባለችው ቀጭን የመሬት ሰቅ ላይ ግን ጀልባ፣ ጎጆና ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች አይጠፉም። ሠዓሊው ራሱ በመሬትና በቱሊፕ ንግድ ገብቶ በ1656 ዕዳ ትቶ መሞቱ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ለትርጉማችን ከብዙ መዝገበ ቃላት ይልቅ ይረዳል፤ መሬት ለእሱ የሚታይ ገጽ ብቻ ሳይሆን የሚገዛና የሚሸጥ ይዞታም ነበርና።

ሌላ ተሳታፊ፦ እንግዲያው «አገር» አይሻልም? «ባላገር» ስንል መሬቱንና ሰውየውን አብረን እንጠራለን።

መልስ፦ ስለ አስተዳደርና ስለ ይዞታ በሚናገሩት አንቀጾች «አገር» ወይም «ግዛት» ቢባል ያስኬዳል፤ ነገር ግን «የአገር ሥዕል» ቢባል አንባቢው ካርታ ሊመስለው ስለሚችል ለንድፉ «መልክዓ ምድር»ን ይያዙ፤ ቃሉ መጀመሪያ በሚገኝበት ቦታም የደቹን ትርጉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያብራሩት።