ፒያሳ ላይ የቢሮ ፎቅ ሊሠራብን ነው፤ የት አቤት እንበል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ባለ እንጨት በረንዳው አሮጌ ቤት ጎን ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ሊገነባ ነው። ቆርቆሮ አጥረው ጨርሰዋል። አያቴ ቡና የምታፈላው እዛ በረንዳ ላይ ነበር። ደረጃው መሃል መሃሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። እዚሁ ፒያሳ ያለው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ሲፈርስ ዝም ብዬ አየሁ። አሁን ግን አልችልም። የት ልሂድ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ቤቱ በቅርስነት መመዝገቡን አጣሪ። አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብቢው፤ የቅርስ ጥበቃ ሕጉ እሱ ነው። በቃል አትጠይቂ። በደብዳቤ አመልክተሽ ማኅተም ያለበት ቅጂ ያዢ።

ሌላ መልስ፦ እኔን የሚያስፈራኝ የመሠረት ቁፋሮው ነው። የጭቃ ግድግዳ ንዝረት አይችልም። ስንጥቅ ካለ ዛሬውኑ ፎቶ አንሺ፣ ከነቀኑ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ በጠዋት አነሳለሁ። ፊርማም ላሰባስብ ነው፤ ትፈርማላችሁ አይደል?