ሥራ ሞልቶ ገንዘብ የማይተርፍበት አነስተኛ የሥነ ሕንጻ ቢሮ፦ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጥያቄ፦ አርክቴክት፣ ከደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣

በደብረ ማርቆስ አነስተኛ የሥነ ሕንጻ ቢሮ ከከፈትሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከእኔ ጋር ሁለት ድራፍተሮች (ንድፍ የሚስሉ ሠራተኞች) እና አንዲት ጸሐፊ ይሠራሉ፤ የስትራክቸር (ሕንጻውን የሚሸከመው አካል)፣ የሳኒተሪ (የውኃና የፍሳሽ መስመር) እና የኤሌክትሪክ ሥራውን ለሌሎች ባለሙያዎች እሰጣለሁ። ከደጀን እስከ ደምበጫ ባለው መስመር ሥራ አጥቼ አላውቅም፤ ሆኖም በየዓመቱ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ እጄ ላይ የሚቀረው ገንዘብ ተቀጥሬ ብሠራ ከማገኘው ደመወዝ ያነሰ ነው። እንቅልፌም ከቀነሰ ቆይቷል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ሥራ ልጥቀስ። ባለፈው ጥር አንድ የእህል ነጋዴ በዋናው መንገድ ዳር ከታች ሱቆች፣ ከላይ መኝታ ክፍሎች ያሉት ጂ+2 (ምድር ቤትና በላዩ ሁለት ፎቅ) ሕንጻ እንድነድፍለት ጠየቀኝ። በ70,000 ብር በቃል ተስማማንና 15,000 ብር ቀብድ ሰጠኝ። ንድፉ አልቆ፣ የስትራክቸር ሒሳቡም ተሠርቶ ወደ ማዘጋጃ ቤት ልናስገባ ስንል፣ በገበያ ቀን ከአማቹ ጋር መጣና ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ «ደረጃውን ወደ ኋላ አዙርልኝ፤ ትንሽ ነገር ናት» አለኝ። ደረጃው ሲዞር ሁለት ኮለኖች (ምሰሶዎች) ተነሡ፤ መሠረታቸውም አብሮ ተቀየረ፤ ከላይ እስከ ታች ተደራርበው የነበሩት መጸዳጃ ቤቶች ተበታተኑ። መሐንዲሱ የድጋሚ ሥራውን ዋጋ ጠየቀኝ፤ ነጋዴው ግን «እርሱ የእናንተ የባለሙያዎቹ ጉዳይ ነው» ብሎ መለሰልኝ። በአምስት ሳምንት ያልቃል ያልሁት ሥራ አሥራ አንድ ሳምንት ወሰደ። አሁን ግንባታው ተጀምሮ ደግሞ ፎርማኑ ማታ በሦስት ሰዓት እየደወለ «ባለ 14 ፌሮ ጠፍቷል፣ በ12 ልሥራው?» ይለኛል፤ ቁጥሩ የብረቱ ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው። ለዚህ ክትትል አንድም ብር አልተከፈለኝም፤ ዝም ብዬ ስልኩን ልዝጋው እንዳልል ግን የሰው ሕይወት ነው።

ዋጋ የምታወጡት እንዴት ነው? ለውጥንስ እንዴት ትገድባላችሁ? አሠሪው በአንድ ማኅበር አብሮን ጽዋ የሚጠጣ ሰው በሆነበት ከተማስ «አይሆንም» የሚባለው በምን አኳኋን ነው?

መልስ፦ አርክቴክት፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ የጻፉትን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ሰባት ዓመታት ያነበብሁ ያህል ተሰምቶኛል። ስለዚህ ያዳነኝን ነገር በቀጥታ ልንገርዎ፤ እርሱም ሰዓት መቁጠር ነው።

በ2015 ዓ.ም. እያንዳንዳችን የሠራነውን ሰዓት በየቀኑ ማታ በአንድ ደብተር እንድንጽፍ አደረግሁ። የወር ወጪያችን የቢሮ ኪራይ 14,000፣ የሁለት ድራፍተሮች ደመወዝ 26,000፣ የጸሐፊ 7,000፣ ለራሴ የቆረጥሁት ደመወዝ 25,000፣ መብራት፣ ኢንተርኔትና ወረቀት 9,000፣ ትራንስፖርት 8,000፣ ለኮምፒዩተርና ለፕሎተር (ለትልቁ የንድፍ ማተሚያ) መተኪያ የምናስቀምጠው 7,000፣ በድምሩ 96,000 ብር ነበር። ሦስታችን በወር 22 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብንሠራ 528 ሰዓት ይሆናል፤ ደብተሩ ያሳየው ግን በእውነት ንድፍ ላይ የዋለው 320 ሰዓት ብቻ መሆኑን ነው። የቀረው በማዘጋጃ ቤት ደጅ መጥናት፣ በስልክ፣ በመንገድና መብራት በመጠበቅ አልቋል። 96,000ን ለ320 ስናካፍለው የአንድ ሰዓት ዋጋችን ትርፍ ሳይኖረው 300 ብር ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለፉ ሥራዎቼን መለስ ብዬ ስመረምር፣ በ40,000 ብር የተዋዋልሁት አንድ ጂ+1 መኖሪያ ቤት 170 ሰዓት ወስዶ እንደነበር አገኘሁ። ይህ ማለት 51,000 ብር አውጥቼ በ40,000 ሸጬዋለሁ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ በበዛ ቁጥር ኪሳራውም ይበዛል። አሁን በሰዓቱ ዋጋ ላይ ሩብ ያህል ለትርፍና ለክፉ ቀን ጨምሬ ነው የማሰላው። ቁጥሮቹ የዚያን ጊዜ ቁጥሮች ስለሆኑ እንዳሉ አይውሰዷቸው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እኔም ስሌቱን በየስድስት ወሩ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ። የእርስዎን ወጪ የሚያውቀው የእርስዎ ደብተር ነው።

ሁለተኛው ነገር ክፍያው ነው። 15,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ የ70,000 ብር ሥራ መጨረስ ለአሠሪው ብድር መስጠት ነው። እኔ ውል ሲፈረም 40 በመቶ፣ ረቂቅ ንድፉ ሲጸድቅ 30 በመቶ፣ ሙሉ ሰነዱን ሳስረክብ ደግሞ 30 በመቶ እቀበላለሁ። የመጨረሻውን ክፍያ «የግንባታ ፈቃድ ሲወጣ» በሚል እንዳያስሩት አደራ እልዎታለሁ፤ ፈቃዱ የሚወጣበት ቀን በእጅዎ አይደለምና፣ እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ክረምት ያለ ክፍያ አሳልፌአለሁ።

መልስ፦ የስትራክቸር መሐንዲስ፣ ከፍኖተ ሰላም

የጠያቂውን የደረጃ ታሪክ እኛ መሐንዲሶች በየወሩ እናየዋለንና በዚያ ላይ ብቻ ጥቂት ልበል።

ስሕተቱ የተፈጸመው ደረጃው እንዲዞር በተጠየቀበት ቀን አይደለም፤ ቀደም ብሎ፣ አሠሪው ያልፈረመበት ረቂቅ ወደ እኔ ዓይነቱ ባለሙያ በተላከበት ቀን ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ አሁን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የባለቤቱ ፊርማ የሌለበትን የአርክቴክቸር ንድፍ ተቀብዬ ሒሳብ አልጀምርም። አብረውኝ የሚሠሩ አርክቴክቶች መጀመሪያ ላይ ተቀይመውኝ ነበር፤ ዛሬ ግን አሠሪውን «መሐንዲሱ ካልፈረሙ አልቀበልም ብሏል» ይሉታል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሰበብ እሆንላቸዋለሁ።

በውሉ ውስጥም አንድ አንቀጽ ይግባ፦ ረቂቁ ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ሁሉ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ ዋጋውና የሚጨምረው ቀን ይጻፋል፣ ሁለታችሁ ሳትፈርሙ ሥራው አይጀመርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። አባቶቻችንም «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል።

ከዚህ ጋር የመሬቱን ነገር አትርሱት። በደጀን፣ በቢቸናና በማርቆስ ዙሪያ ጥቁሩ መረሬ አፈር ብዙ ነው፤ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቀላል ግድግዳ የተሠራበትን መሠረት ከፍ ዝቅ እያደረገ ይሰነጥቀዋል። ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ ሳይታይ የመሠረት ንድፍ ከተሠራ፣ ቁፋሮ ሲጀመር ሁሉም እንደገና ይነደፋል፤ ያ ድካም የሚከፈልበት አይደለም። የጉድጓዱን ወጪ አሠሪው ከውሉ በፊት ይሸፍን።

ስለ ፌሮው ለፎርማኑ የሚሰጠው መልስም አጭር ነው። የባለ 14 ፌሮ፣ ሲቆረጥ የሚታየው ፊቱ ስፋት 154 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የባለ 12 ደግሞ 113 ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንዱን በአንዱ መተካት ከሩብ በላይ ብረት መቀነስ ነው። የሚተካው በሒሳብ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ የሚሠራው መሐንዲሱ እንጂ በሌሊት ስልክ የሚያነሣ አርክቴክት አይደለም።

መልስ፦ ቤት ያሠራሁ ሰው፣ ከዳንግላ

ባለሙያ አይደለሁም፤ ቤት ያሠራሁ መምህር ነኝ። ይሁን እንጂ አሠሪው ለምን እንደሚቀያይር ከእኛ ወገን ቢሰማ ይጠቅማል ብዬ ነው።

እኛ ፕላን ማንበብ አንችልም፤ ይህንንም ለባለሙያ መናገር እናፍራለን። የእኔ አርክቴክት ረቂቁን ይዞ ቦታዬ ድረስ መጣና የእያንዳንዱን ክፍል ግድግዳ በካስማና በሲባጎ ለክቶ በኖራ መሬት ላይ አሰመረው። ከዚያ ባለቤቴን «እስቲ ከወጥ ቤት ተነሥተው ቡና ይዘው ወደ ሳሎን ይሂዱ» አላት። እሷም ረከቦቱን ይዛ ሄደች፤ በኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ስትደርስም ቆመችና «እዚህ ጋ እንግዳ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ያገኘኛል» አለች። በሩ እዚያው ተዛወረ፤ የጠፋውም ጥቂት ኖራ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የፈረምሁትን ንድፍ አንድ ቀን እንኳ ቀይርልኝ አላልሁም፤ ምክንያቱም የፈረምሁት በእግሬ ሄጄበት ነው።

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር

ሁለት ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ቢሮው በተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ ውሉ ላይ «ታክሱን ሳይጨምር» የሚለው ቃል መኖሩን ያረጋግጡ። በ80,000 ብር ተስማምተው ይህ ሳይጻፍ ቢቀርና ዋጋው ታክሱን ያካትታል ቢባል፣ 15 በመቶው ሲወጣ ለእርስዎ የሚቀረው 69,565 ብር ነው።

ሌላው፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚሠሩት ሥራ የክፍያ ጥያቄዎን ከግንቦት አያሳልፉ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ያልተከፈለ ሒሳብ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል፤ ባለ ሦስት ሠራተኛ ቢሮ ደግሞ እስከ ጥቅምት የሚታገሥ አቅም የለውም።

መልስ፦ አርክቴክት፣ ከቢቸና

የባሕር ዳሩ ወንድሜ ስለ ሰዓት ያለው ለራስ ለማወቅ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ለአሠሪው ግን በሰዓት ሒሳብ ማቅረብን አልደግፍም። ሰዓት የሚገዛ ሰው በእኛ አካባቢ የለም፤ ከዚያም በላይ፣ ከልምድ የተነሣ በሦስት ሰዓት የምፈታው ችግር ስላለ ብቻ ዋጋዬ ሊቀንስ አይገባም። እኔ ለእያንዳንዱ የሥራ ምዕራፍ የተቆረጠ ዋጋ እሰጣለሁ፤ ሰዓቱ እኔ ዘንድ ይቀራል።

ጠያቂው «አይሆንም» ማለትን አንሥተዋል፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አምስት ሠራተኞች ነበሩኝ፤ ደመወዛቸውን ለመክፈል ስል ያገኘሁትን ሁሉ እቀበል ነበር። ቢሮዬን ዘግቼ ከአንዲት ድራፍተር ጋር እንደገና ስከፍት፣ የምቀበለው መኖሪያ ቤትና አነስተኛ የንግድ ሕንጻ ብቻ እንዲሆን ወሰንሁ። በሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ምድብ ሐ ውስጥ የሚገቡትን፣ ማለትም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉትን፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸውን፣ ብዙ ባለሙያ ላላቸው ቢሮዎች እመራለሁ። ጂ+2 ተዋውለው «አንድ ፎቅ ብቻ ጨምሪልኝ» የሚሉኝ አሉ፤ የወለሉ ቁመት 3.2 ሜትር ቢሆን አራት ወለል 12.8 ሜትር ይደርሳል፣ ምድቡም ይለወጣል። ይህን ቁጭ ብዬ በቁጥር ሳስረዳቸው የተቀየመኝ የለም። ሰው የሚቀየመው ሥራውን ተቀብለው ሲያጉላሉት ነው።

የግንባታ ክትትልን ከንድፉ ለይቼ በጉብኝት ቁጥር እሸጣለሁ፤ መሠረት ሲቆፈር፣ ፌሮ ታስሮ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት፣ እንዲሁም ጣሪያ ሲመታ። ስልክ የማነሣው ከጠዋቱ ሁለት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ፎርማኖቹም ለምደውታል፤ በ12፣ በ21ና በ29 ሥራ እንደማይገቡ እኔ እንዳወቅሁላቸው ሁሉ የእኔንም ሰዓት እነርሱ አውቀውልኛል።

ገቢዬም እንደ አገሩ ወቅት ነው። ነጋዴውም ገበሬውም ገንዘብ የሚይዘው እህል ከተወቃ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው፤ ውል የምፈራረመው በአብዛኛው ያን ጊዜ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍያ አምስተኛውን ለይቼ አስቀምጣለሁ፤ ዝናቡ ግንባታውን ሲያቆመው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የምንኖረው በዚያ ነው። ክረምቱን የበርና የመስኮት፣ የደረጃና የመታጠቢያ ቤት ዝርዝር ንድፎቻችንን እያጠራን እናሳልፈዋለን፤ በበጋ አንድን ዝርዝር ሁለት ጊዜ አንሥልም።

የጠያቂው መልስ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደብተሩን ጀምረናል፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ካሉን ሰዓቶች ግማሽ ያህሉ ብቻ ንድፍ ላይ መዋሉን ሳይ ደንግጫለሁ። ድራፍተሮቼ ግን ከእኔ ቀድመው ያውቁት ነበር።

ከነጋዴው ጋር ያለኝ አሮጌ ሥራ በነበረው ስምምነት እንዲያልቅ ወስኛለሁ፤ መሐንዲሱንም ከራሴ ከፍያለሁ። የጉብኝቱን ነገር ግን በደብዳቤ አቅርቤለት በሦስት ጉብኝት ተስማምተናል።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ለአዲስ አሠሪ ከአማኑኤል ከተማ አጠገብ ባለ ቦታው ላይ ኖራ አሰመርሁ። ሰውየው ዝም ብሎ ሁለት ጊዜ ዞረበትና እናቱን ጠርቶ አመጣ። እናትዮዋ በምርኩዛቸው የመኝታ ቤቱን በር ከነኩ በኋላ ወደ ፀሐይ መውጫ እንዲዞር ጠየቁ። እዚያው አዞርሁት፤ ከዚያም ልጃቸው አራቱን ገጾች በመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ ፈረመ።