እቁብ ሊደርሰኝ ነው፤ ቦርሳው ላይ ልጽና ወይስ ሌላ ልሞክር?

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ውስጥ የቆዳ ቦርሳ እየሰራሁ የምሸጥ ወጣት ነኝ። አንድ የስፌት ማሽንና አንድ ረዳት ልጅ አለኝ። ደንበኞቼ በብዛት በቴሌግራም ነው የሚያዝዙኝ።

ችግሬ ገበያው ወቅት ጠባቂ መሆኑ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ እንቅልፍ የለኝም። ከፋሲካ በኋላ ግን ክረምቱ እስኪገባደድ ጭር ይላል። ኪራይ ደግሞ ወቅት አያውቅም። ቆዳው የአገር ውስጥ ቢሆንም ዚፑና መቆለፊያው ከውጭ ነው የሚገባው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋቸው አልቀመስ ብሏል።

ታዲያ ገበያው በቀዘቀዘ ቁጥር ዓይኔ ይቅበዘበዛል። ጓደኛዬ የስልክ ዕቃ ከመርካቶ አምጥተን በኦንላይን እንሽጥ ይለኛል። አጎቴ ቡና ይለኛል (እሱ ሁሌም ቡና ነው)። ማታ ማታ የሁለቱንም ሂሳብ ስሰራ የያዝኩት ትዕዛዝ ይዘገያል።

አሁን የእቁብ ተራዬ ደርሷል። ገንዘቡን ወፍራም ቆዳ የሚሰፋ ማሽን ልግዛበት? እሱ ካለኝ ቀበቶና የላፕቶፕ ቦርሳ እጨምራለሁ፤ ምናልባት ለድርጅቶች በጅምላ ማቅረብም እችላለሁ። ወይስ ግማሹን ከጓደኛዬ ጋር ልሞክርበት?

በተለይ እንደኔ በዓል የሚጠብቅ ሥራ ያላችሁ፣ ጭር ያሉትን ወራት እንዴት ነው የምታልፏቸው? «ታገስ» ብቻ አትበሉኝ፤ እሱን እናቴም ትለኛለች። ከደንበኛ ቅድሚያ ክፍያ የምትቀበሉ ካላችሁ ደግሞ ስንት በመቶ እንደሆነ ንገሩኝ።