የደወል ቅርጽ ከርቭ በኤክሴል፦ መስመሩ ለምን እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል?

ጥያቄ
የ40 ተማሪዎች የፈተና ውጤት ከኤ2 እስከ ኤ41 ድረስ አለኝ። አማካዩ 62፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካው) 12 ነው። ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን በኖርም.ዲስት (NORM.DIST፣ የደወሉን ከርቭ ቁመት የሚያሰላው ፎርሙላ) ዋጋ አውጥቼ ላይን ቻርት ስሠራ ደወል ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል መስመር ይመጣል። ፎርሙላው ምንም ስህተት አላሳየም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ቀመረኛ
ችግሩ ቻርቱ ላይ ነው። ላይን ቻርት አግድሙን ዘንግ እንደ ቁጥር አያነበውም፤ ረድፎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል በእኩል ርቀት ይደረድራል። 48፣ ቀጥሎ 71፣ ከዚያ 55 ከመጣ መስመሩ መዝለሉ አይቀርም። ከትንሽ ወደ ትልቅ ቢያስተካክሉትም ከ48 እስከ 49 ያለውና ከ49 እስከ 55 ያለው ርቀት እኩል ሆኖ ስለሚሳል ደወሉ ይጣመማል። ስካተር ቻርት ውስጥ ገብተው ለስላሳ መስመር ያለውን፣ ነጥብ የሌለውን ይምረጡ።

ለከርቩ ደግሞ የራሱ የሆነ የኤክስ ዓምድ ያዘጋጁለት። አማካዩን በአቬሬጅ ኬ1 ላይ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን በስቲዴቭ.ኤስ ኬ2 ላይ ያውጡ። ሲ2 ላይ
=ኬ1-3*ኬ2
ይጻፉ፤ 26 ይሰጣል። ሲ3 ላይ
=ሲ2+$ኬ$2/10
ጽፈው እስከ ሲ62 ይጎትቱት፤ በ1.2 እየጨመረ 98 ላይ ይቆማል። ከመደበኛ ስርጭት (የደወል ቅርጽ ካለው) 99.7 በመቶ የሚሆነው በዚህ ክልል ውስጥ ነው። ዲ2 ላይ፦
=ኖርም.ዲስት(ሲ2,$ኬ$1,$ኬ$2,ፎልስ)

ረድፍ_ዓምድ
የዶላር ምልክቷን እንዳይረሷት። ከሌለች ወደ ታች ሲጎትቱ ዲ3 ላይ 12 አማካይ ይሆናል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ደግሞ ባዶዋ ኬ3፤ ያን ጊዜ የ#ነም! ስህተት ይመጣል። መጨረሻ ላይ በፎልስ ፈንታ ትሩ ከገባ ድምር ዕድሉን (እስከዚያ ውጤት ድረስ ያለውን ዕድል በሙሉ) ስለሚያሰላ ከ0 ወደ 1 የሚወጣ ኤስ መሰል መስመር ያገኛሉ። ከኤክሴል 2010 የቀደመ ስሪት ከሆነ ነጥብ የሌለውን ኖርምዲስት ይጠቀሙ።

ጠያቂ
ተስተካክሏል፣ አመሰግናለሁ። አሁን የውጤቶቹን ድግግሞሽ በአምዶች አብሬ ማሳየት ፈልጌ ነበር፤ ከርቩ ግን መሬት ላይ ተኛብኝ።

ቀመረኛ
የሚጠበቅ ነው። የከርቩ ጫፍ 0.3989 (ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 1 ሲሆን ያለው ቁመት) ለ12 ሲካፈል ነው፤ 0.033 ገደማ። አምዶቹ የሰው ቁጥር ናቸው። ከርቩን በውጤቶቹ ብዛትና በክፍሉ (አንዱ አምድ በሚይዘው የውጤት ክልል) ስፋት ያባዙት፦ 40 በ5፣ 200። ጫፉ ወደ 6.65 ከፍ ይላል። ብዙዎች እዚህ ጋ ወደ ሁለተኛ ዘንግ ይሮጣሉ፤ እኔ አልመክርም። ሁለቱ ዘንጎች በየራሳቸው ልኬት ስለሚሳቡ የማይገጥመው የገጠመ ይመስላል። አምዶቹን የሚስሉበት ዋናው ምክንያት ደግሞ መግጠም አለመግጠሙን ለማየት ነው፤ ኖርም.ዲስት ውጤቱ ሁለት ጉብታ ቢኖረውም ደወል ከመሳል አይመለስም።

ከኤክሴል 2016 ጀምሮ ያለው ሂስቶግራም ቻርት (ድግግሞሽን በአምዶች የሚያሳየው) ከሌላ ቻርት ጋር አይጣመርም፤ ስለዚህ በእጅ ነው። የክፍሎቹን መነሻ (25፣ 30፣ 35 እያሉ እስከ 95) ከኢ2 ጀምረው ይጻፉ። ኤፍ2 ላይ፦
=ካውንትኢፍስ($ኤ$2:$ኤ$41,">="&ኢ2,$ኤ$2:$ኤ$41,"<"&ኢ2+5)
ጂ2 ላይ ከርቩን በክፍሉ መሃል ያስሉት፦
=200*ኖርም.ዲስት(ኢ2+2.5,$ኬ$1,$ኬ$2,ፎልስ)
ሁለቱንም ወደ ታች ይጎትቱ። ከዚያ ኮምቦ ቻርት (ሁለት ዓይነት ቻርት በአንድ ላይ)፤ ኤፍን አምድ፣ ጂን ላይን ያድርጉ። ክፍሎቹ እኩል ስፋት ስላላቸው እዚህ ላይ ላይን ቻርት ችግር የለውም። ጋፕ ዊድዝ (በአምዶቹ መካከል ያለው ክፍተት) 0 ይሁን፤ የመስመሩን ማለስለሻም ያብሩ።

ረድፍ_ዓምድ
በፍሪኩዌንሲ ፎርሙላ የሚቆጥር ካለ፦ እሱ በድንበሩ ላይ ያለውን ውጤት ከታችኛው ክፍል ጋር ይቆጥረዋል፤ ከላይ ያለው ካውንትኢፍስ ግን ከላይኛው ጋር። 60 ያገኙ ተማሪዎች ብዙ ከሆኑ የሁለቱ አምዶች ቁመት ይለያያል፤ ስለዚህ በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለቱን አይቀላቅሉ።