በአገር ቤት ዘዬ ግጥም ስትጽፉ ፊደሉን እንዴት ታደርጉታላችሁ?

የናዝሬት ልጅ፦
ሰላም ወገን። አዳማ ነው ያለሁት። ያደግኩት ግን ወሎ አያቴ ጋ ስለሆነ ግጥም ሲመጣልኝ በሷ አፍ ነው የሚመጣልኝ። «ተቤት» እላለሁ እንጂ «ከቤት» አልልም። የግጥም ምሽት ላይ ሳነበው ሰው ይወደዋል፣ ወረቀቱን ሳሳይ ግን «ይሄን አርመው» ይሉኛል። ሳርመው ደግሞ ለዛው ይጠፋል። ስኮትላንዶች በየአካባቢያቸው ዘዬ ይገጥማሉ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እነሱ እንዴት ነው የሚጽፉት?

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦
ኧረ እንዳታርመው! የስኮትላንዱ ገጣሚ ሮበርት በርንስ እ.ኤ.አ. በ1786 ኪልማርኖክ ላይ የመጀመሪያ መጽሐፉን ሲያሳትም ርዕሱ ላይ ራሱ «በአብዛኛው በስኮትላንድ ዘዬ» ብሎ ነው የጻፈው። 612 ቅጂ ታትሞ ቶሎ አለቀ። ከኋላ የቃላት መፍቻ አለው፣ ያልገባው እዚያ ሄዶ ይይ። ፊደሉን ግን ብዙ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛው አስጠግቶታል፣ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ድምፅ ስታነበው ቤት የማይመታ፣ በስኮትላንድ አፍ ስታነበው ግን ልክ የሚመጣ ስንኝ አለው።

ቡና በጨው፦
እኔ ስለ አፖስትሮፍ ልጨምር። የዱሮዎቹ የስኮትላንድ ገጣሚዎች እንግሊዝኛው ላይ ያለ እነሱ ጋ ግን የማይነበብ ፊደል ሲኖር ቦታው ላይ ያቺን ጭረት ያደርጉ ነበር፣ «ጎድሏል፣ ይቅርታ» እንደማለት። ምን ጎደለና! እ.ኤ.አ. በ1947 ኤድንብራ ላይ ገጣሚዎች ተሰብስበው የአጻጻፍ መመሪያ ሲያወጡ አስቀሯት። አንተም ተቤትን በትምህርተ ጥቅስ አትጠርንፋት። አንድ ወጥ ፊደል ይውጣ የሚሉትን ግን አትስማ። አበርዲን አካባቢ፣ ዶሪክ የሚሉት ዘዬ ላይ፣ እንግሊዝኛው በደብልዩ ኤች የሚጀምራቸው ብዙ የመጠየቂያ ቃላት በኤፍ ይጻፋሉ። እሱን ብታስተካክለው ምን ዶሪክ ይቀራል?

የናዝሬት ልጅ፦
የቃላት መፍቻዋ ተመችታኛለች። ግን ከወሎ ከወጣሁ ቆየሁ፣ አንዳንዱ ቃል እዚያ አሁንም ይባል እንደሆነ እንጃ።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦
ገጣሚው ቻርልስ ሙሬይ እኮ ብዙ የዶሪክ ግጥም የጻፈው ደቡብ አፍሪካ ማዕድን ላይ መሐንዲስ ሆኖ ሲሠራ ነው። ሌላው የስኮትላንድ ገጣሚ ሂው ማክዲያርሚድማ ጭራሽ ከመዝገበ ቃላት እየቆፈረ የየአካባቢውን ቃል ይቀላቅል ነበር፣ «ፕላስቲክ» ብለው የቀለዱበትም አሉ። ለእኔ የሙሬይ ይሻለኛል። አያትህ ካሉ ደውለህ አንብብላቸው፣ የማይባለውን እሳቸው ይነግሩሃል። አንዱን ደግሞ እዚህ ለጥፈው፣ ያልታረመውን።