ክርክር፦ የ699 ዶላሩን ካርድ በእጥፍ የሚሸጠው ጥፋተኛ ነው?

አወያይ፦ ጉዳዩን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2020 ላይ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3080 የተባለውን የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ በ699 ዶላር አወጣ። ካርዱ ወዲያው አለቀ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ብዙ ሰው ያገኘው ከአየር በአየር ነጋዴዎች ነው፣ ያውም በእጥፍ። ጥፋቱ የማን ነው? መሰዳደብ የለም።

ሪንደር፦ የነጋዴው ነዋ! እኔ ጌም አልጫወትም፣ ሥራዬ ስሪዲ አኒሜሽን ነው። ካርዱ በወጣ ቀን ገጹን ከፍቼ ሰዓቱን ስጠብቅ ነበር። የመግዣው ቁልፍ ብቅ አለ፣ ተጫንኩት፣ «አልቋል» አለኝ። በዚያው ቀን ያው ካርድ፣ ሳጥኑ እንኳ ሳይከፈት፣ በእጥፍ ዋጋ ሲቸበቸብ አየሁ። ቦት፣ ማለትም ከሰው ፈጥኖ የሚገዛ ፕሮግራም ነው ያፈሰው። ግርግር ለሌባ ይመቻል ማለት ይሄ ነው።

ገበያ ነው፦ እህቴ፣ ብትናደጂ አልፈርድብሽም። ግን መቶ ካርድ ለሺህ ሰው ከቀረበ፣ ነጋዴ ኖረም አልኖረም ዘጠኝ መቶው ባዶ እጁን ይመለሳል። 699 የምትይው ዋጋ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሰው ሊከፍል ከተዘጋጀው በታች ስትሸጪ ልዩነቱን የሆነ ሰው ይበላዋል።

ሪንደር፦ እና ቦት ያለው ይብላው?

ገበያ ነው፦ ይብላው መቼ አልኩ? መብላቱ አይቀርም ነው ያልኩት።

ሰርኪት፦ እናንተ ሱቅ በር ላይ ትጣላላችሁ፣ ችግሩ ግን ፋብሪካው ጋ ነው። የ3080 ቺፕ የሚሠራው በሳምሰንግ የ8 ናኖሜትር የማምረቻ መስመር ነበር። የተፎካካሪው የኤኤምዲ ካርዶች ደግሞ በታይዋኑ ቲኤስኤምሲ፣ በ7 ናኖሜትር። የፕሌይስቴሽን 5 እና የአዲሱ ኤክስቦክስ ቺፖችም የሚወጡት ከዚያው ከ7 ናኖሜትሩ ነው። የቲኤስኤምሲ ደንበኛ ሁሉ አንድ በር ላይ ተጋፋ። ዋፈሩ፣ ማለትም ቺፑ የሚሠራበት የሲሊከን ዝርግ፣ ገብቶ ያለቀለት ቺፕ እስኪሆን ወራት ይፈጃል። አዲስ ፋብሪካ ልገንባ ካልክ ደግሞ ዓመታትና ቢሊዮኖች ዶላር። ቺፑ ተገኘ ሲባል የሚቀመጥበት ትንሽ ሰሌዳ፣ ሰብስትሬቱ፣ ይጠፋል። ነጋዴውን ዛሬ ብታስሩት ነገ አንድም ካርድ አይጨምርም።

ሪንደር፦ እሺ፣ እሱስ ልክ ነው። ግን የተሠራውስ የት ገባ? ማይነሮቹን፣ በካርዱ ክሪፕቶ የሚያመርቱትን፣ ዘለልካቸው።

ሰርኪት፦ አልዘለልኩም፣ እየመጣሁ ነበር። 2021 ላይ ኢቴሪየም የሚባለው ክሪፕቶ ዋጋው ሲሰቀል ካርዱ ገንዘብ አምራች ዕቃ ሆነ። ጌመሩ «አቅሜ ይችላል ወይ?» ይላል። ማይነሩ «በስንት ወር ይመልሳል?» ነው የሚለው። የት ይገናኛሉ? ኤንቪዲያ በፌብሩዋሪ 2021 አርቲኤክስ 3060 የሚባለውን ካርድ ሲያወጣ የኢቴሪየም ማይኒንግ ፍጥነቱን በግማሽ የሚቀንስ ገደብ አደረገበት። ማርች ላይ ገደቡን የሚያነሳ የሙከራ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ለቀቀ። ማን? ራሱ ኤንቪዲያ!

አወያይ፦ በስህተት ነው ብሏል እንግዲህ።

ሰርኪት፦ ብሏል፣ አዎ።

ገበያ ነው፦ ይሄ እኮ የእኔ ክርክር ነው። በ2022 የኢቴሪየም ዋጋ ሲወድቅ የካርዱም ዋጋ አብሮ ወረደ። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ኢቴሪየም ማይኒንግን ጭራሽ ተወው፣ ያገለገሉ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት። ነጋዴውን ማንም አልነካው። የሚገዛው ሲጠፋ በራሱ ሄደ።

ሪንደር፦ ሁለት ዓመት ቆይቶ! እስከዚያ እኛ ምን እንሁን? ኢቪጂኤ የሚባለው ካርድ ሠሪ እኮ መላ ዘይዶ ነበር። ስምህን ታስመዘግባለህ፣ ተራህ ሲደርስ ይጠሩሃል። ወራት ትጠብቃለህ፣ ግን በራሱ በሠሪው ዋጋ ትገዛለህ። ቦት እዚያ ምን ይሠራል?

ገበያ ነው፦ መጠበቅም እኮ ክፍያ ነው። ደንበኛ ሥራ ሰጥቶሽ ወራት መቆም ትችያለሽ?

ሪንደር፦ አልችልም። ግን ወረፋ ላይ ኪሱ የሞላውም እንደኔ ይቆማል። ልዩነቱ እሱ ነው።

ሰርኪት፦ እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ነጋዴው ለሠሪው በነፃ የገበያ ጥናት ሠራለት። ሰው በእጥፍ ሲገዛ አዩ፣ ኖቬምበር 2022 ላይ የ3080ን ተተኪ አርቲኤክስ 4080ን በ1,199 ዶላር ይዘው መጡ። የማይኒንግ ሰበብ በሌለበት! የአየር በአየሩ ዋጋ ሕጋዊ ማኅተም አገኘ በሉት።

ገበያ ነው፦ ገዢው ግን ፊቱን አዞረ። ጃንዋሪ 2024 ላይ 4080 ሱፐር በ999 መጣ።

ሪንደር፦ ከ699 ተነስተን 999 ደረስን፣ አንተ ደግሞ ቅናሽ ትለኛለህ!

አወያይ፦ ነገ ሌላ እጥረት ቢመጣስ? አጭር መልስ።

ሪንደር፦ ወረፋ። ለአንድ ሰው አንድ ካርድ።

ገበያ ነው፦ ሠሪው ራሱ በጨረታ ይሽጥ። ትርፉ ቢያንስ ካርዱን ለሠራው ይግባ እንጂ ለቦት ባለቤት ምን በወጣው።

ሰርኪት፦ በጨረታ ከሆነማ ማይነሩ ሁሌ ያሸንፍሃል። እሱ የሚጫረተው ካርዱ በሚያስገባው ብር ነው፣ አንተ በደሞዝህ።