የባንድሶው ምላጭ በልክ ማስበየድ፦ ለምን ይበጠስብኛል?

ሰላም ለዚህ ቤት ባለሙያዎች። ተክለሃይማኖት አጠገብ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ባንድሶዬ (ቀለበት የሆነ ምላጭ በሁለት መዘውር ላይ እየዞረ እንጨት የሚቆርጥበት ማሽን) የድሮ የጣሊያን ሥሪት ነው፤ መርካቶ ዝግጁ ሆኖ የሚሸጠው ምላጭ ወይ ያጥረዋል ወይ ይረዝመዋል። ከጥቅል አስቆርጬ ያስበየድኩት ደግሞ ወፍራም ዋንዛ ሲገባለት ልክ ብየዳው ላይ ቀጭ ይላል። የሁለቱም መዘውር ዲያሜትር 400 ሚሊ ነው። ርዝመቱን በምን ልለካ? በያጁንስ ምን ብዬ ልዘዘው? የደንበኛ በር ጀምሬ ቆሜያለሁ።

ጡረተኛው አናጢ፦
ልጄ፣ ልኩን ከማሽኑ ውሰድ እንጂ ከተበጠሰው ምላጭ አትውሰድ። የላይኛውን መዘውር በመወጠሪያው ከፍና ዝቅ ከሚልበት እኩሌታ ላይ አቁመው። ከእምብርት እስከ እምብርት ለካና በ2 አባዛ፤ ዲያሜትሩን በ3.14 አባዝተህ ደምርበት። ከእምብርት እምብርት 850 ሚሊ ቢሆን 1700 ሲደመር 1256፣ 2956 ሚሊ ነው። ለጥቂት ሚሊ አትጨነቅ፤ መዘውሩ 5 ሚሊ ከፍ ሲል 10 ሚሊ ይውጣል።

ብየዳው ላይ ቀጭ ማለቱ ግን ከርዝመት አይደለም። ብረቱ ተበይዶ በድንገት ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። በያጁ መገጣጠሚያውን ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን መልሶ አግሎ ቀስ እያለ እንዲበርድ ይተወው፤ ውኃ እንዳይነካው። ይህን ለሚዘል ሰው ሥራ አትስጥ! ምላጩ የሚበጠሰው አንተ ፊት ነው። ከዚያ ያበጠውን በሞላ ከምላጩ ውፍረት ጋር እኩል ያድርግ። ስትረከብ እንደ መዘውሩ ክብ አጥፈህ እይ፤ ብየዳው ላይ ማዕዘን ከሠራ መልስለት።

የቄራው ወርክሾፕ፦
ውፍረቱንም ጠይቅ። የመዘውሩን ዲያሜትር ለ1000 አካፍል፤ ላንተ 0.4 ሚሊ ይመጣል። 0.5ም ይሄዳል። 0.9 ከሆነ ግን ብየዳው ቢያምርም በየዙሩ እየታጠፈ ይደክማል። ለወፍራም ዋንዛ በኢንች 3 ጥርስ ያለውን ውሰድ፤ ጥርሱ ሲበዛ ብናኙ መውጫ ያጣና ምላጩ ይግላል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የብየዳ ማሽን ያለው ሰው ባጣስ?

ጡረተኛው አናጢ፦
በብር ማዕድን ይበየዳል። ሁለቱን ጫፎች በተቃራኒ ጎን ስስ እስኪሆኑ ሞርድና ደርባቸው። ፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች የሚሠሩበት ዓይነት የብር መበየጃና ቦራክስ (መበየጃው ቀልጦ እንዲይዝ የሚነሰነስ ዱቄት) ይበቃል። የምላጩን ጀርባ ቀጥ ካለ ብረት ጋር አስደግፈህ እሰረው፤ ጠሞ ከተያያዘ መዘውሩ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለስብሃል።